ፈትሼዋለሁ፤ ደህና ነው

ኅዳር 3

ለውድ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ድምፄን በማጥፋቴ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ረስታኛለች እንዳትዪ። እዚህ ስልክ አይሠራም። ግድቡ በሁለት ገደሎች መሀል ስለተሸጎጠ ኔትወርክ የሚባል ነገር አይደርሰንም። ኮምፒውተሮቹ ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር ይገናኛሉ፤ ግን የግል መልእክት አያሳልፉም። ደብዳቤ የሚሄደው ማክሰኞ ማክሰኞ ንጋት ላይ በሚመለሰው የዕቃ መኪና ነው። እኔ ደግሞ ታውቂኝ የለ፣ ሁለቱን ማክሰኞ ደብዳቤዬን ይዤ ስሮጥ ጥሎኝ ሄደ።

ሥራው ምን እንደሚመስል ጠይቀሽኛል። ከግድቡ ግንብ ትይዩ ባለች ክፍል ተቀምጬ መለኪያዎችን የሚያነብ ፕሮግራም እጠብቃለሁ። ግድቡ ከውጭ ሲታይ አንድ ወጥ ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሆዱ ባዶ ነው፤ ሰው ቆሞ የሚሄድባቸው ሁለት ዋሻዎች አሉት፣ የላይኛውና የታችኛው። እዚያ የተተከሉት መለኪያዎች በግንቡ በኩል ምን ያህል ውሃ እንደሚሰርግ በቀን አንዴ፣ በተወሰነ ሰዓት ይናገራሉ። ቁጥሩ ከልክ ካለፈ ክፍሌ ውስጥ ደወል ይጮኻል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ «አይቼዋለሁ» ብሎ የሚመልስ ከጠፋ ሸለቆው ውስጥ ያለው ሳይረን ይነሳና የታችኛው ከተማ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ወደ ኮረብታ ይወጣል። እስካሁን ተነስቶ አያውቅም አሉኝ።

ከኔ በፊት የነበረውን ባለሙያ ሁሉም መነጽር እያለ ነው የሚጠራው። ስምንት ወር ሊሆነው ነው፣ ለማንም ሳይናገር ጥሎ ጠፍቷል። ወንበሩ ለረጅም ሰው ተስተካክሎ ነው የጠበቀኝ። ኮቱ አሁንም በሩ ላይ ተሰቅሏል። ላንሳው ወይ ብዬ የጣቢያውን ኃላፊ ብጠይቃቸው «ተይው፣ ራሱ መጥቶ ይወስደዋል» አሉኝ። ይህን ሲሉ ግን ኮቱን አላዩትም።

አሁን የምነግርሽን ሰምተሽ እንዳትስቂብኝ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ሲሆን፣ ሠራተኞች የሚፈርሙበት የኮምፒውተር መዝገብ ላይ በመነጽር ስም አንድ መስመር ይጻፋል፦ «ፈትሼዋለሁ፤ ደህና ነው።» ዛሬም ተጽፏል። ክፍሉ ውስጥ ከኔ በቀር ማንም አልነበረም።

የሚቀልድብኝ ሰው ያለ ይመስለኛል። ስሙን ከሲስተሙ ልሰርዘው ነው። የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት።

ልጅሽ

ኅዳር 7

ለጥድፊያዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም እንደ ዕድሜው ነው።

አትሰርዢ። ይህን ከሰላምታው በፊት መጻፍ ነበረብኝ። መኪናው ሳይደርስሽ ሰርዘሽ ከሆነ ደግሞ ምን እንዳጠፋሽ ዛሬውኑ ወረቀት ላይ አስፍሪ።

አራት ዓመት ኮድ ሲያስተምሩሽ ኖሩ፤ እሰየው። ሌላ ሰው የጻፈውን ቁጭ ብሎ ማንበብን ግን ማን አስተማረሽ? በማታውቂው ቤት ውስጥ ያለ ምሰሶ አያምርም ተብሎ አይነቀልም፤ መጀመሪያ ጣሪያውን የያዘው እሱ እንዳልሆነ ይታያል። ስለዚህ ከሁሉም በፊት ያለውን ሁሉ እንዳለ ቅጂ፤ ቅጂውንም ከዚያ ክፍል ውጭ አስቀምጪ። ደብተር ግዢና ያየሽውን ከነሰዓቱ ጻፊ፤ የመሰለሽን ሳይሆን ያየሽውን። እየቀለደብኝ ነው የሚለው የመሰለሽ ነው። መስመሩ ከየትኛው ማሽን እንደሚመጣም እዪ፤ እንዲህ ያለው ነገር የሆነ ቦታ ሳይመዘገብ አይቀርም።

ከዚያ ተነሺና ሰው አነጋግሪ። ዓይን አፋር ነኝ፣ እኔ ከማሽን ጋር ነው የምግባባው የምትዪውን ተረት እዚያ አታውሪ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ሲባል የኖረው ለወግ አይደለም። ኃላፊው ኮቱን ካላዩት ኮቱን የሚያይ ሰው ፈልጊ። ከበር ጠባቂው ጀምሪ።

የሆስፒታል ሥራዬን ለምን እንደተውኩ ሁልጊዜ ትጠይቂኛለሽ። ጉልበቴ ነው ብዬሻለሁ።

አክስትሽ

ኅዳር 17

ለውድ አክስቴ፣

አልሰረዝኩም። ልሰርዝ እጄን ዘርግቼ ሳለ ምሳ ደረሰና ተነሳሁ፤ ደብዳቤሽ በማግሥቱ ደረሰ። ሆዳምነቴ አዳነኝ።

ቀዳሁ። ደብተርም ገዛሁ። ከየት ነው የሚመጣው ላልሽው፣ አየሁ፤ እንዳልሳሳት ብዬ ሦስት ጊዜ አየሁ። ኃላፊው መነጽር ከዋናው መሥሪያ ቤት በኩል ተደብቆ ነው ሲስተሙ ውስጥ የሚገባው ይሉኝ ነበር። አይደለም አክስቴ። ከዚህ ክፍል ነው፤ ከጠረጴዛዬ ሥር እግሬን ከሚያሞቀው ማሽን። ከዚያ ወዲህ እግሬን ሰብስቤ ነው የምቀመጠው።

ኅዳር 12 ቀን ሆን ብዬ ጠበቅኩት። በሩን ቆለፍኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለቱንም እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ የነካሁት ነገር የለም። ዘጠኝ ከአሥር ሲሆን ማሽኑ እንደ ሰው ትንፋሽ አንዴ ከፍ ብሎ ተሰማኝና መስመሩ ወጣ። ፈትሼዋለሁ፤ ደህና ነው። ዞር ብዬ ኮቱን አየሁ። ለምን እንዳየሁት አላውቅም። ይህንንም ጽፌዋለሁ፤ ያየሽውን ጻፊ ስላልሽኝ።

በር ጠባቂውን አገኘኋቸው። አሁን ዋናው በር ላይ አይደሉም፤ ግምጃ ቤቱን ነው የሚጠብቁት። ስቀርብ ወንበር አቀበሉኝ።

«አባባ፣ መነጽር የሄደ ቀን በር ላይ እርስዎ ነበሩ?» አልኳቸው።

«ሄደ አትበይ። ገባ በይ» አሉኝ።

«እንዴት?»

«የገባበትን ፈርሟል። የወጣበትን አልፈረመም። መዝገቡ አለ፤ ሂጂና እዪው።»

ሄጄ አየሁት። መጋቢት 14፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአምስት፣ ፊርማው አለ። የመውጫው ቦታ ባዶ ነው። ከላይም ከታችም ያሉት ሁሉ ወጥተዋል፤ እሱ ብቻ አልወጣም።

ያኔ ሁለት ቀን ፈልገውታል። ቢሮዎቹን፣ የላይኛውን ዋሻ፣ የውሃውን ዳር ሁሉ አስሰዋል። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው የኮምፒውተሩን መዝገብ ሲያይ ስሙ በየቀኑ እየተጻፈ ነው። ለፍለጋው የመጡት ፖሊሶች ይህን ሲያዩ ፍለጋውን ዘጉ፤ የሞተ ሰው አይፈርምም ብለው። የታችኛው ዋሻ ገና ተራው አልደረሰም ነበርና ማንም አልከፈተውም፤ ራሱ ፈትሼዋለሁ እያለ ምን እናድርግ ተባለ። ሽማግሌው ተኝተው አሳልፈውታል ተብሎ ከበሩ ተነሱ። ለሚስቱም ከሌላ ሴት ጋር ሄዷል ተብሎ ተነገራት።

«ሠላሳ አንድ ዓመት በር ላይ ቆሜያለሁ» አሉኝ። «እንቅልፍ ጥሎኝ አያውቅም አልልሽም። እሱ ግን ሰላም ሳይለኝ ወጥቶ አያውቅም። ብተኛ እንኳ ቀስቅሶ ነበር የሚሰናበተኝ።»

አክስቴ፣ ፈርቻለሁ።

ልጅሽ

ኅዳር 29

ለልጄ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ በአንድ ቀን ደረሱኝ። በሁለተኛው ላይ ኃላፊው «አትነካኪው፣ የተኛ ነገር አትቀስቅሺ» ማለታቸውን፣ ሥራውን ትተሽ ወደ ቤት መምጣት ማሰብሽንም አንብቤያለሁ። አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው፤ ብትመጪ አልቆጣሽም። ከመወሰንሽ በፊት ግን ሳልነግርሽ የኖርኩትን ስሚኝ። ይህን ያህል ዓመት ስለደበቅሁሽም ይቅር በይኝ።

ጉልበቴ አይደለም።

ሆስፒታሉ ውስጥ የምሠራው ለሕመምተኞች የሚሰጥ ደም የሚቀመጥባቸውን ማቀዝቀዣዎች መከታተል ነበር። በየሁለት ሰዓቱ ሄዶ፣ በዓይን አይቶ፣ «ደህና ነው» ብሎ መመዝገብ። ለዘጠኝ ዓመት ሁልጊዜም ደህና ነበር። አንድ ቀን ሙሉ ከወንበሬ ሳልነሳ ጻፍኩት። ዝናብ ነበር፤ ግቢውን መሻገር ታከተኝ። ማቀዝቀዣው ግን ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ነበር። የማታ ተረኛዋ ስትገባ የኔን «ደህና ነው» አይታ አመነች። በነጋታው አንዲት ወላድ ደም አስፈለጋት፤ የተቀመጠው ሁሉ ተበላሽቷል። ከሌላ ቦታ ደም እስኪመጣ አልቆየችም።

የተባረረችው ተረኛዋ ናት። እኔ ዝም አልኩ። በሦስተኛው ወር ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ጉልበቴ በእውነት ያመኛል።

ስለዚህ ያ መስመር እንቅልፍ ነስቶኛል። «ፈትሼዋለሁ» መልስ ነው ልጄ። መልስ ካለ ጥያቄ አለ። አንቺ እስካሁን መልሱን ብቻ ነው የምታዪው። የመለኪያዎቹ መዝገብ ለብቻው፣ የሠራተኞቹ መዝገብ ለብቻው ነው ብለሽኛል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጊና በሰዓት በሰዓት አስተያዪ። ዘጠኝ ከአሥር ላይ ማሽኑ ምን ጠይቆ ነው እንዲህ የሚመለስለት? ደግሞ እናንተ ኮድ ስትቀይሩ ለምን እንደቀየራችሁ አጭር ማስታወሻ ትጽፋላችሁ አይደል? የሱን የመጨረሻዋን ፈልጊ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

አክስትሽ

ታኅሣሥ 8

ለውድ አክስቴ፣

የነገርሽኝን አንብቤዋለሁ። ስመጣ ጎንሽ እቀመጣለሁ።

ሁለቱን መዝገቦች አትሜ ወለሉ ላይ ዘረጋኋቸው። በየቀኑ ዘጠኝ ከአሥር ላይ የታችኛው ዋሻ መለኪያ «ውሃው ከልክ አልፏል» ይላል። በዚያችው ሴኮንድ «ፈትሼዋለሁ፤ ደህና ነው» ተብሎ ይመለስለታል። አክስቴ፣ ሰው በአንድ ሴኮንድ አንብቦ አይመልስም። መልሱ ስለሚቀድመው ደወሉ ለመጮህ ጊዜ አያገኝም፤ እኛም ምንም አንሰማም።

ሌላም አለ። የመለኪያው ቁጥር በየቀኑ አንድ ነው። ክረምት አልፎ፣ ግድቡ ሞልቶ ጎድሎ፣ ቁጥሩ ነጥብ እንኳ አልተነቃነቀም። ከመጋቢት 14 ከሰዓት ጀምሮ መለኪያው ሞቷል፤ የመጨረሻ ቁጥሩን ብቻ ነው የሚደግመው። ታች ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንዳለ ስምንት ወር ሙሉ ማንም አያውቅም ማለት ነው።

ማስታወሻዎቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። ከሁለት መቶ ይበልጣሉ። «ማስተካከያ» ይላል፣ «ሌላ ማስተካከያ» ይላል፣ አንዱ ላይ «እባክህ አሁን እንኳ ሥራ» ይላል። ሳቅኩ፤ እኔም እንደዚያው ነው የምጽፈው። በሕይወት ያለ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ የሚያወራኝ መሰለኝ። ከዚያ የመጨረሻው ላይ ደረስኩ። መጋቢት 14፣ ስምንት ሰዓት ከአርባ፦

«ጊዜያዊ ነው። ደወሉ በከንቱ የሚጮህ ይመስለኛል፤ ከተማውን አናስደንግጥ። ታች ወርጄ መለኪያውን አይቼ እስክመለስ ብቻ በኔ ስም ይመልስልኝ። ስመለስ አጠፋዋለሁ።»

ሲፈልጉት የነበሩትን ሰዎች የመለሳቸው ራሱ የጻፈው መስመር ነው። እሱ እታች ሆኖ፣ መስመሩ እላይ ሆኖ ደህና ነው እያለ።

የድሮዋ ጥድፊያ ብትሆን እየጮኸች ኃላፊው ቢሮ ትገባ ነበር። ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብዬ ያየሁትን ሁሉ በአንድ ገጽ ጻፍኩት፤ የኮምፒውተር ቋንቋ አንድም ሳልጨምር፣ ቀኑንና ሰዓቱን ብቻ። ገጹን መጀመሪያ ለበር ጠባቂው አነበብኩላቸው። እሳቸው ከገባቸው ለሁሉም ይገባል ብዬ ነው። ሰምተው ሲጨርሱ ቆባቸውን አወለቁ።

አብረን ገባን። ኃላፊው እስከ መሀል ሲያነቡ ፊታቸው ላይ ቁጣ ነበር። ከዚያ ጠፋ።

«የታችኛው በር ቁልፍ ሁለት ነበር» አሉ። «አንዱ ሰሌዳው ላይ የለም። ድሮ የጠፋ መስሎኝ ነበር።»

«በሩ ከውስጥ ይከፈታል?» አልኳቸው።

«ሲዘጋ ራሱ ይቆለፋል። ቁልፉን የያዘ ይከፍታል። ብቻውን የሚወርድ ሰው ከወደቀ ግን...» ብለው ተዉት። ከዚያ በር ጠባቂውን ቀና ብለው አዩዋቸውና ቶሎ ዓይናቸውን መለሱ።

ነገ ጠዋት ይከፍቱታል። መኪናው ከዚያ በፊት ስለሚሄድ ይህን አሁን አሽጋለሁ። ዛሬም ዘጠኝ ከአሥር ላይ መስመሩ መጥቷል።

ልጅሽ

ታኅሣሥ 26

ልጄ፣

ደብዳቤሽ የሚደርስበት ሐሙስ ሁለት ጊዜ ባዶውን አለፈ። በሬዲዮ ከግድቡ በታች ያሉ ሰዎች ለጥንቃቄ ወደ ኮረብታ ወጥተዋል ሲሉ ሰማሁ። ሌላ ምንም አላሉም። ጎረቤቴ ሬዲዮውን ልዝጋልሽ ትለኛለች፤ እኔ አላስዘጋም።

አንድ መስመር ጻፊልኝ። ደህና ነኝ ብለሽ ግን አትጻፊ፤ ያቺን ቃል አሁን አላምናትም። ምን እንደበላሽ ጻፊልኝ፤ የት እንደተኛሽ ጻፊልኝ።

ያቺን የማታ ተረኛ ማፈላለግ ጀምሬያለሁ። የእህቷን ልጅ አግኝቻለሁ።

አክስትሽ

ጥር 6

ለውድ አክስቴ፣

ይቅርታ አድርጊልኝ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ዳቦ በሻይ በላሁ፤ ትናንት ማታ በራሴ አልጋ ላይ ተኛሁ፣ እስኪነጋም አልነቃሁም። ያልሽኝን መለስኩ።

በሩን ሲከፍቱት ከውጭ ቆሜ ነበር። ያዩትን አልጽፍልሽም። ወንዶቹ እንድገባ አልፈቀዱልኝም፤ እኔም አልለመንኳቸውም። እዚያ ነበር ማለት ይበቃል። መለኪያው ሥር ነበር። መሰላሉ ከላይ ተነቅሏል፤ ሲወድቅ መለኪያውን ይዞት ወርዷል። ውሃው ከጉልበት በላይ ነበር። ኃላፊው ሳይረኑን በራሳቸው እጅ አስነሱት። ከተማው አራት ቀን ኮረብታ ላይ አደረ፤ ግድቡ እንዲጎድል ተደርጎ ስንጥቁ ከተደፈነ በኋላ ሰዉ ወደየቤቱ ገባ። ደወሉ በከንቱ አልነበረም የጮኸው። ውሃው ያን ቀንም እየሰረገ ነበር።

በር ጠባቂው ወደ ዋናው በር ተመልሰዋል። ኃላፊው በሠራተኛው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቋቸው። «እኔን ተዉኝና ሚስቱን ጠይቁ» አሉ ሽማግሌው።

እሷም ትናንት መጣች። አጭር ናት፤ በቁመት ከኔ ብዙም አትበልጥም። የሥራ ቦታውን ማየት እፈልጋለሁ ስላለች ኃላፊው ወደ ክፍሌ አመጧትና በሩን ዘግተው ወጡ። ወንበሩን ለቀቅኩላት። መስመሩን በሩ የተከፈተ ቀን አቁሜዋለሁ፤ ከኮዱ ውስጥ ግን አላወጣሁትም ነበር። የፖሊስ መርማሪዎች እስኪጨርሱ እንዳለ ይቆይ ብለውኝ፣ ፈቃዱ የመጣው ትናንት ጠዋት ነው።

ማስታወሻውን አሳየኋት። ቀስ ብላ አነበበችው።

«ራሱ ነው የጻፈው?»

«ራሱ ነው።»

«ስመለስ ነው የሚለው?»

«አዎ። ስመለስ ነው የሚለው።»

መስመሩ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ጠየቀችኝ። ሁለት መቶ ሰባ ጊዜ አልኳት።

«ሁለት መቶ ሰባውንም ቀን ረግሜዋለሁ» አለች። «ጠዋት ልጆቹን ሳለብስ እረግመዋለሁ። ትልቁን ልጄን ስሙን እንዳያነሳ ከልክዬዋለሁ። እኔ ስረግም እሱ ደህና ነው ይላል።»

ኮድ ላይ ለዚህ የሚሆን ነገር አልተማርንም አክስቴ። አጠገቧ ቆምኩ። በኋላ፣ መስመሩን አሁን ላጠፋው እንደሆነ ነገርኳት፤ መውጣት ከፈለግሽ ውጪ፣ መቀመጥ ከፈለግሽ ተቀመጪ አልኳት። ተቀመጠች። አጠፋሁት። ማሽኑ እንደ ደንቡ ለምን እንደጠፋ አንድ ማስታወሻ ጻፊ ብሎ ጠየቀኝ። «የጻፈው ሰው ስላልተመለሰ» ብዬ ጀመርኩ።

እጇን እጄ ላይ አደረገች።

«አልተመለሰም ብለሽ አትጻፊ» አለችኝ።

«ታዲያ ምን ልበል?»

አላጣደፍኳትም።

«ተገኝቷል በይ» አለች።

እንደዚያው ጻፍኩት፤ ከሥሩም የራሴን ስም አስገባሁ።

ልጅሽ